የእግር መንገዳችንን ካርታ ላይ አስፍሩልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከደሴ ነው የምጽፈው። የስፖርት ገጻችሁን አንድም ሳምንት አልዘልም። ማን አሸነፈ፣ በስንት ደቂቃ ገባ፣ የማንን ሪከርድ ሰበረ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ግን ሰው የሚሮጥበት መንገድ፣ እኔና ጎረቤቶቼ በማለዳ የምንወጣበት ያ ቀጭን የእግር መንገድ፣ አንድ ቀን እንኳ ወሬ ሆኖ አላየሁትም። ዛሬ ስለሱ ልጽፍላችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ሱብሂ ሰግጄ ጫማዬን አስራለሁ። አንዷ ጎረቤቴ ኪዳን አድርሳ እስክትመጣ በር ላይ እንጠብቃታለን፤ ከዚያ ሦስታችንም ሻርፓችንን ጠበቅ አድርገን ሽቅብ ነው። የሰፈር ልጆች «አብሽሪ እማማ!» ይሉናል። ዳገት ላይ ይቺ ቃል ስንት ጉልበት እንደምትሰጥ የሮጠ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት ልጄ እንግሊዝ አገር ወለደች። የመጀመሪያዋ ነው። ላርሳት ሄድኩና ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከረምኩ። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ በርበሬና የሩጫ ጫማዬ ነበሩ። ገንፎ አገነፋሁ፣ ሕፃን አጠብኩ፣ ማታ ማታ ልጄ እንድትተኛ ሕፃኑን ይዤ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ግን ለራሴ ነበር። ባሏ ሥራ ሳይወጣ አንድ ሰዓት ተኩል እወስዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

የሚኖሩት ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሪችመንድ ፓርክ አጠገብ ነው። ፓርክ ስላችሁ አጥር ውስጥ ያለ ሣርና አግዳሚ ወንበር አታስቡ። 955 ሄክታር ነው። ዙሪያውን የሚዞረው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። አስፋልት አይደለም፤ ጠጠርና አፈር ነው፣ ለጉልበት የሚስማማ። ከ600 በላይ አጋዘን እንደልባቸው ይግጡበታል። መጀመሪያ ቀን አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ቀንዱን ይዞ መንገዱ ዳር ቆሞ ሳየው ደንግጬ ቆምኩ። እሱ ግን ዞር ብሎም አላየኝም።

ፓርኩ መሐል ኢዛቤላ ፕላንቴሽን የሚባል የአትክልት ቦታ አለ። ትላልቅ ዛፎች፣ በመካከላቸው ጅረት፣ በጅረቱ ዳርና ዳር አዛሊያ የሚባል አበባ። በሚያዝያ መጨረሻ ሮዝና ቀይና ሐምራዊ ሆኖ ሲፈነዳ ውሃው ራሱ ቀለም ይይዛል። እዚያ ውስጥ አልሮጥኩም። ቀስ ብዬ ተራመድኩ፤ አበባ ለማየት የሚመጡ አዛውንቶች ብዙ ናቸው፣ በእነሱ መሐል መሮጥ ነውር መሰለኝ። ከፍ ካለች አንዲት ጉብታ ላይ ደግሞ፣ በቁጥቋጦ መካከል በተከፈተች ቀዳዳ፣ ለንደን መሐል ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ይታያል። ከ16 ኪሎ ሜትር ርቀት! ያቺን ዕይታ የሚጋርድ ሕንፃ እንዳይሠራ ሕግ ይጠብቃታል። ጉልላቱን አይቼ የደሴያችንን ተራራ፣ ጦሳን አሰብኩ። ከኛ ሰፈር ጦሳን ሳይጋረድ ማየት የሚቻልበት ቦታ በየዓመቱ እየጠበበ ነው።

አማቼ ስለዚህ ፓርክ አንድ ታሪክ ነገረኝና ለሦስት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቦታውን በ1637 እ.ኤ.አ. በግንብ ያጠረው ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ነው፣ ለአደን ብሎ። ሕዝቡ ይመላለስበት የነበረው መንገድ ግንቡ ውስጥ ቀረ። በኋላ፣ ልዕልት አሚሊያ ፓርኩን ስትይዝ፣ ጭራሽ ሰው እንዳይገባ ከለከለች። ይሄኔ ጆን ሉዊስ የሚባል የሪችመንድ ቢራ ጠማቂ ፍርድ ቤት ሄደ። የንጉሥ ልጅ ናት ብሎ አልፈራም። በ1758 ረታ። እንግዲህ ሰውየው በር ይሻልሃል ወይስ በግንቡ ላይ የሚያሻግር መሰላል ተብሎ ተጠየቀ። መሰላል አለ። በር ቆይቶ ሊቆለፍ ይችላላ! መሰላሉ ተሠራ፣ ግን ደረጃው ተራርቆ ሕፃንና ሽማግሌ የማይወጣው ሆነ። ሉዊስ ተመልሶ አቤት አለ። ዳኛውም አሮጊትና ሕፃን እንዲወጣው ሆኖ ይሠራ ብሎ አዘዘ። ከ260 ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ በዚያ ፓርክ በነጻ የሮጥኩት በዚያ ሰው ክርክር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፓርክራን የሚሉት አለ። 5 ኪሎ ሜትር፣ ጠዋት በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ ማለት በኛ 3 ሰዓት፣ ክፍያ የለውም። የተጀመረው እዚያው አጠገብ ቡሺ ፓርክ በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ነው፣ በ13 ሯጮች። እኔ የሄድኩ ቀን ሕዝቡ ከሺህ ያልፋል። ሰዓት የሚይዙት፣ መንገድ የሚያሳዩት ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስል ኃይሌን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በስም ጠሩልኝ። አገሬ በስሟ ብቻ እንዲህ ስታስከብረኝ ዕንባዬ መጣ። ሮጠን ስንጨርስ ሰውየው «እናንተ አገር ሰው የት ነው የሚሮጠው?» አሉኝ። ልጄ ተረጎመችልኝ እንጂ ጥያቄው ገብቶኝ ነበር። መልሱ ነው የጠፋኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ፓርኩ አይደለም፤ ገጠሩ ነው።

ልጄ በረታ ስትል፣ ግንቦት ውስጥ፣ እሁድ እሁድ በባቡር ወደ ሰሪ ኮረብቶች መውጣት ጀመርን። ከለንደን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እነሱ ሕፃኑን በጋሪ ይዘው ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፣ እኔ እሮጣለሁ። ቦክስ ሂል የሚሉት ከፍታ 224 ሜትር ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ለተቀመጠች ሴት ይህ ምኑ ዳገት ነው ትሉ ይሆናል። ዝቅ ያለ አገር አየሩ ወፍራም ነው፤ ሳንባዬ እንደዚያ ጠግቦ አያውቅም። ግን ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው፣ እግር ያስይዛል። ከታች ሞል የሚባል ወንዝ አለ፤ በውሃው ላይ ድንጋይ በተርታ ተቀምጧል፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ልክ በልጅነታችን ቦርከናን እንደምንሻገረው። ከዚያ ጫካ ይጀምራል። ጫካው ሥር መሬቱ በሙሉ ሰማያዊ ነው፤ ብሉቤል የሚባል የዱር አበባ ነው፣ ዛፉ ቅጠል ለብሶ ጥላ ከማጥላቱ በፊት ብርሃን ለማግኘት ተሽቀዳድሞ የሚያብብ። ቅጠሉ ከተረገጠ ቶሎ አያገግምም። ስለዚህ ሯጭ ሁሉ መንገዱን ሳይለቅ አንድ መስመር ይዞ ነው የሚሄደው። ማንም ቆሞ አይጠብቅም፣ ግን ማንም አይወጣም።

ከጫካው ስወጣ እርሻ ገጠመኝ። ገና አረንጓዴ የሆነ ገብስ፣ እስከ ጉልበቴ። ቆምኩ። በሰው አዝመራ መሐል እንዴት ይሮጣል? ደግሞ መንገዱ ቀጥ ብሎ ገብሱን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ምሰሶ ላይ ቢጫ ቀስት ተለጥፏል፣ ወደዚያው ያሳያል። ዙሪያውን ለመዞር ሳመነታ አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ በእጁ እለፊ እለፊ አለኝ። አለፍኩ። ከገብሱ አንድ ዘለላ አልነካሁም፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ለአንድ ሰው ይበቃል።

የማስተማር ልማዴ አለቀቀኝም። ቤት ስገባ አማቼን ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት፤ የማያውቀውን እየፈለገ አነበበልኝ። ቢጫው ቀስት የእግረኛ መንገድ ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፋል። መሬቱ የገበሬው የግሉ ነው። መንገዱ ግን የሕዝብ ነው። ገበሬው በእርሻው መሐል የሚያልፈውን መንገድ ሊያርሰው ይችላል፣ ግን በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ደልድሎ ማሳየት አለበት፤ ስፋቱም ከአንድ ሜትር ማነስ የለበትም። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለ የሕዝብ መተላለፊያ ተደማምሮ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉም የመንግሥት ካርታ ላይ ሰፍሯል። ካርታው እንዲሠራ ያዘዘው የ1949 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው። ሕጉም ዝም ብሎ አልመጣም፤ በሚያዝያ 1932 እ.ኤ.አ. ከማንችስተርና ከአካባቢው የወጡ ብዙ መቶ ሠራተኞች ኪንደር ስካውት በሚባል ለሕዝብ የተዘጋ ተራራ ላይ ሆን ብለው ወጡ፣ ከመካከላቸውም የታሰሩ አሉ።

እንግዲህ ከሁሉም በላይ የነካኝ ይህ ነው፦ ሕዝብ አንድን መንገድ ሳይከለከል፣ ሳይደበቅ፣ ለ20 ዓመት ከተመላለሰበት፣ መንገዱ የሕዝብ እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ሃያ ዓመት! እኛ ከሰፈራችን ወደ ጦሳ የምንወጣበትን መንገድ እናቴም ወጥታበታለች፣ አያቴም። ስንት ሃያ ዓመት ይሆናል?

ሐምሌ ላይ ተመለስኩ። ክረምት ስለነበር ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። መስከረም ገብቶ አደዩ ሲፈነዳ ሦስታችንም ጫማችንን አስረን ወጣን። ከሰፈሩ ጫፍ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት፣ መንገዳችን በቆርቆሮ ታጥሯል። ማን እንዳጠረው አልጽፍም፤ ሰውየውም እኮ ካርታ ይዟል፣ በደንቡ ተሰጥቶታል። ጥፋቱ እሱ ጋ አይደለም። መሬቱን የለካው ሰው መንገዱን አላየውም። በፕላኑ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። መንገድ ማለት ለእነሱ አስፋልት ወይ ኮብልስቶን ነው፤ እግር ያወጣው መንገድ አይቆጠርም። ጠዋት በዚያ የሚወርዱ ተማሪዎች አሁን በገደሉ አፋፍ ዞረው ነው የሚመጡት። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት አየሁ፣ ቆርቆሮው ጋ ደርሳ ሸክሟን አሳርፋ ወዲያና ወዲህ ታያለች።

አሁን አስፋልት ላይ ሩጡ ልትሉን ትችላላችሁ። ሞክረነዋል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ሲያዩት ያምራል። ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን የያዘ ከባድ መኪና፣ ኩርባ ላይ የሚቀድም አይሱዙ፣ ከኋላ ጡሩንባ፣ ጭስ። መንገዱ ዳር የእግረኛ ቦታ የሌለበት ብዙ ነው። ጎረቤቴ አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ዘላ ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ አልሄድንበትም።

ደግሞ የኛ አገር ምን ጎድሎት! ወሎን ሮጦ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ ያለውን ውሰዱ። በእግር መንገዱ ከሄዳችሁ ከተማው ከኋላ እየቀረ፣ ጉሙ እየተገለጠ፣ ድንገት ሰፊው ሜዳ ይዘረጋል። ዳርና ዳር ገብስ፣ መሐሉ ላይ የሚግጡ ከብቶችና ፈረሶች፣ በመስከረም ቢጫ በቢጫ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተቀመጡበት ሜዳ ነው፤ ለኛ ለወሎዎች ከባድ ትዝታ ያለበት ቦታ ነው፣ እኔና ጎረቤቴ ግን አንዳችን የሌላችንን ውሃ ይዘን ነው የምናልፈው። ሐይቅን ውሰዱ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ዳሩን ይዞ የሚሄደው መንገድ በአትክልት ማሳ መሐል፣ በዋርካ ጥላ ሥር፣ ከወዲያ የእስጢፋኖስ ገዳም እየታየ ያልፋል። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ከሩቅ ማየቱ ይበቃኛል። ማለዳ ውሃው ላይ ወፎቹ ሲነሡ ያለው ድምፅ እንግሊዝ አገር አልሰማሁትም። ከኮምቦልቻ በላይ ደግሞ የጎፍ ደን አለ። ጥድና ወይራ፣ ረጋ ያለ አየር፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘል ጦጣ። እዚያ ውስጥ የሮጥኩ ቀን ልብሴ ላይ የቀረው የጥድ ሽታ እስከ ማታ አብሮኝ ይውላል።

አንዱ ወዳጄ ይህን ስነግረው «እትዬ፣ ሰው በኑሮ ውድነት ተቃጥሎ አንቺ የሩጫ መንገድ ትያለሽ?» አለኝ። ተቀይሜው አይደለም፣ ጥያቄው ደህና ነው። ግን እስቲ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ ተመልከቱ። ሰኞ ገበያ የሚመጣው ገበሬ ከነአህያው በዚያ ነው። ውሃ የምትቀዳው ልጅ በዚያ ናት። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትወርደው በዚያ ነው። ቀብር የሚወጣው በዚያ ነው። እኛ ሦስት ሴቶች ማለዳ ስለምንሮጥበት ቀድመን መታጠሩን አየን እንጂ፣ መንገዱ የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሌላም አለ። እንግሊዝ አገር መሬት የግል ነው፤ ሕዝቡ በሰው ርስት ላይ ለማለፍ መቶ ዓመታት ተከራክሯል። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ታዲያ በራሳችን መሬት ላይ አንድ ሜትር የእግር መንገድ ማስቀረት ለኛ ይቀል ነበር እኮ! መንገድ የምትዘጋ ልዕልት የለችብንም። የሚያስፈልገው መሬት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ባለሙያ ማለዳ 12 ሰዓት ወጥቶ ሰው በየት በየት እንደሚሄድ ቆሞ ማየት ነው። ከዚያ ያንን መስመር ፕላኑ ላይ ማስመር፣ ስፋቱን መወሰን፣ ካርታ ሲሰጥ «መተላለፊያ አለበት» ብሎ መጻፍ። ቀለምና ምሰሶ ከተገኘ ቢጫ ቀስት ይለጠፍበት፣ ካልተገኘም ድንጋይ በኖራ መቀባት ይቻላል። ሯጩም የራሱ ግዴታ ይኑርበት፤ አዝመራ አይርገጥ፣ የከፈተውን በር ይዝጋ፣ ከብት አያስደንብር። ገበሬው ሲያምን ነው መንገዱ የሚቆየው።

ሰላም ካልሆነ መንገድ ለማንም እንደማይሆን አውቃለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ስንት ወር ከሰፈር ሳንወጣ ግቢ ውስጥ ክብ እየዞርን ሮጠናል። የእግር መንገድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው፣ እንግሊዝ ሳልሄድ።

ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነው። ጋዜጠኛ ላኩና ጉዳዩን ጻፉበት። በከተማችን መሬት የሚለኩትንና ፕላን የሚያወጡትን ጠይቁልን፤ የእግር መንገድ የሚመዘገብበት ቦታ አላቸው ወይ? የሌሎች ከተሞች አንባቢዎችም የራሳቸውን ይጻፉ፤ ይህ የደሴ ብቻ ነገር አይመስለኝም።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቼ ዘጠኝ መንገዶች ሥዬበታለሁ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በስልክ የለካሁት ርዝመት፣ የትኛው በክረምት ጭቃ እንደሚሆን፣ የትኛው ጋ ኃይለኛ ውሻ እንዳለ፣ ሽማግሌዎች ከስንት ዘመን ጀምሮ እንደሚያውቁት። አንደኛውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ፣ የታጠረውን። ስምንቱ አሁንም ክፍት ናቸው። ደብተሩን ለሚፈልግ የከተማ ፕላን ባለሙያ ፎቶ ኮፒ አድርጌ እሰጣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በቦሩ ሜዳው እንወጣለን። ከዝግጅት ክፍላችሁ የሚመጣ ካለ የሩጫ ጫማ ይዞ ይምጣ። በሶና ቡናው እኛ ጋ አለ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ